ለሃያ አንድ ቀን ብቻ

ሂርማታ፣ ከገበያው ጀርባ፣ ሐምሌ ሲጋመስ፣
ነገ ጠዋት የሁለተኛው ፎቅ ሶሌታ ሊፈስ፣
ባትሪ ይዤ ከሥሩ ገባሁ፤
አንገቴን ሰብሬ የባህር ዛፉን ቋሚ አንድ ባንድ ቆጠርሁ።
መቶ አርባ ሦስት እግር፤
ግማሹ በጣውላ ቁራጭ ላይ፣ ግማሹ በባዶ አፈር።

ፕላኑማ የሚያውቀው የሚቀረውን ነው፣ ለዘለዓለም፣
የኮለኑን ፌሮ፣ የደረጃውን ስፋት፣ የሴራሚኩን ቀለም፤
እርጥቡ አርማታ አጥንት አውጥቶ በራሱ እስኪቆም
ያን ሁሉ ኩንታል ለሚሸከም
አንድ መስመር እንኳ አልተሰመረለትም።

«ጊዜያዊ እኮ ነው» አሉኝ አቶ ነዚፍ፣ የሕንፃው ባለቤት፣
«ለሃያ አንድ ቀን ብቻ! ከዚያ ማገዶ ነው፣ ለዳቦ ቤት።
ለማገዶ ደግሞ ምን ያደርጋል ስሌት?»

ክፍል ውስጥ ሳለን መምህራችን በጠመኔ
አንድ ብዜት ጽፎ ነበር፣ ያላስተዋልሁት ያኔ፤
የመውደቁ ዕድል፣ ሲባዛ በሚያደርሰው።
ቁጥር መስሎኝ ገልብጬ ነበር። ለካ ብዜቱ ሰው ነው።

በምሥራቅ በኩል፣ በመንገዱ ዳር፣
ሸምሲያ አቮካዶዋን በማዳበሪያ ላይ ስትደረድር፣
ዝናብ ሲመጣ ሦስት ባጃጅ ከነተሳፋሪው ከሥሩ ሲሰደር፣
ከመድረሳ የተለቀቁ ልጆች፣ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው።
በምዕራቡ ግን አሸዋ ብቻ፣ የተቆለለ፤
እዚያ ቋሚ ቢታጠፍ፣ ከድመት በቀር የሚደነግጥ የለ።
እንጨቱ ያው እንጨት ነው፣ ከአንድ ጫካ የመጣ፤
የሚለየው ከሥሩ ያለው ጣጣ።

ይህን ተማም አባ ፊጣ ሳይማረው ያውቃል።
የበርጩማ ጠራቢ ልጅ ነው፤ ሚስማሩን በከንፈሩ ነክሶ ያወራል።
«ስትጠርቢ» ይለኛል፣ «ለእግሩ አትጨነቂ፤
መጀመሪያ ማን እንደሚቀመጥበት ጠይቂ።»
በሸምሲያ በኩል ቋሚውን እጥፍ አድርጎ በመስቀለኛ አስሮታል፤
ማን እንዳስተማረው አልጠየቅሁም።
ከግራ እጁ ሁለት ጣት ይጎድላል።

ሌሊቱን ዘነበ። የጅማ ዝናብ ቸኩሎ አያውቅም።
አዌቱ ሲያጉረመርም እስከ አልጋዬ ይሰማል፤ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ማለዳ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት፣
ከጣውላው ያንጠለጠልነው ቱንቢ፣
ማታ ከመሬት ሁለት ጣት ርቆ የነበረው፣
ጫፉን ጭቃ ውስጥ ነክሮ አገኘሁት።
ዘጠና ሰባተኛው እግር ሰምጧል፤
ከሥሩ የተደፈነ የድሮ ጉድጓድ ኖሯል፤
ማንም አልነገረን።

ሚክሰሩ ግን ተነሥቷል፣ ሲሚንቶው ተቀዷል፣
አርባ የቀን ሠራተኛ አካፋውን ይዞ ቆሟል።
«ይቁም» አልሁ።
ከዳውሮ የመጣው መርክነህ ባሬላውን አስቀምጦ አየኝ።
የዛሬ ምሳው፣ የዛሬ ማደሪያው በእኔ አፍ ነበረ፤
ይህንስ በምን ላባዛው?
በየትኛው ዓምድ ላስገባው?

አቶ ነዚፍ ጮኹ።
ሸምሲያን ከቦታዋ ሳስነሣት፣
«ለሃያ አንድ ቀን ብቻ ነው» ብላት፣
በአፋን ኦሮሞ ረገመችኝ፣ ቀስ ብላ፣ እንዲገባኝ።
እኛ ቆፈርን፣ ድንጋይ ሞላን፣ ጠቀጠቅን፤
መርክነህም አብሮ ቆፈረ፣ በግማሽ ቀን ሒሳብ።
ሐሙስ አርማታው ፈሰሰ።

ምንም አልሆነም።
ምንም።
ያን «ምንም» ነበር የሠራነው፤
ሪባን የማይቆረጥለት፣ ፎቶ የማይነሣው።

በሃያ አንደኛው ቀን ተማም በመዶሻ እያንኳኳ ፈታው፣
ከመሐል ጀምሮ ወደ ዳር፣ ጆሮውን እየሰጠ፤
እግሮቹ በጋሪ ተጭነው ዳቦ ቤት ሄዱ።
ሸምሲያ ተመልሳለች፣ አሁን ከእውነተኛ ጣሪያ ሥር።
ትናንት ልገዛ ጎንበስ ስል
ጠንካራውን፣ ገና ያልበሰለውን አቮካዶ መርጣ ሰጠችኝ፤
«ሃያ አንድ ቀን አስቀምጪው» አለች፣
ሳትስቅ።